ክረምትን ለምን እንከሳለን?

ሰኔ ገብቶ የመጨረሻው ፈተና ሲያልቅ በግቢያችን በየዓመቱ የማይቀር አንድ ሥርዓት ይፈጸማል። ሻንጣ ይታሰራል፤ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነው መጽሐፍ ይመለሳል፤ ከጓደኛ የተዋስነው ግን ይረሳል፤ የመሮጫ ጫማችንም ጭቃው እንኳ ሳይራገፍ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከሻንጣው ታች ይቀበራል። ቀብሩ በሰኔ ይሁን እንጂ ትንሣኤው የሚሆነው በጥቅምት ነው። በመካከሉ ያሉትን ወራት ምን ስንሠራ እንደ ከረምን የሚጠይቀን ሰው ቢነሣ፣ ሁላችንም ሳንማከር የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ክረምት ነበረ እኮ!» እንላለን።

ክረምት አፍ የለውምና አይከራከረንም። እኛም ተከሳሹ ዝም ስላለ ብቻ የረታን ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ ለክረምት ጠበቃ ሆነን ለመቆም ያሰብነው ስለዚህ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት ግን አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር፤ ጠበቃ ነን ማለታችን ከከሳሾቹ ወገን አልነበርንም ማለት አይደለም። እኛ በበጋ የዩኒቨርሲቲውን ስም በደረታችን ለጥፈን የምንሮጥ፣ ውድድር ሲያልቅ ግን ከማንም ቀድመን ብርድ ልብስ የምንከናነብ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። የምንነቅፈው ስንፍና የሩቅ ሰው ስንፍና ሳይሆን የራሳችን ነው።

እስቲ ከሆነው ነገር እንነሣ። ካቻምና በሰኔ መጨረሻ የቡድናችን ልጆች ሻይ ቤት ተሰብስበን፣ በክረምቱ እያንዳንዳችን ባለንበት አገር በሳምንት አራት ቀን ልንሮጥ ተማማልን። በሻይ ቤት የተማለ መሐላ ዕድሜው ከሻዩ ሙቀት አይበልጥምና፣ አምና በጥቅምት ስንገናኝ ከአሥራ አንዳችን መሐላውን የጠበቁት ሁለት ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀረነው ዘጠኙ ምክንያታችንን በየተራ አቀረብን። አንዱ መንገዱ ጭቃ ነበረ አለ። አንዱን ልብሱ አልደርቅ ብሎት ነበር። አንዱን የሰፈሩ ውሾች አስቸግረውታል። አንዱን ጉንፋን ይዞታል፤ ጉንፋኑ ከሐምሌ እስከ መስከረም እንዴት ሊቆይ እንደ ቻለ ግን አላስረዳንም። አንዱ ደግሞ ከሁላችንም እውነተኛ ሆነና፣ «ኧረ ዝም ብዬ ነው፤ አላሰኘኝም» አለ።

ሣቅን። ነገር ግን ሣቃችን ብዙ አልቆየም። የቡድኑ ማጣሪያ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደሚደረግ ተነገረን። በ10,000 ሜትር ከሁላችን የሚሻለውና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የነበረው ጓደኛችን፣ የሦስት ወሩን ዕዳ በሦስት ሳምንት ልክፈል ብሎ ተነሣ። ጧት ይሮጣል፤ ማታም ይሮጣል። በሁለተኛው ሳምንት ቅልጥሙን ያመው ጀመር። ማጣሪያው እንዳያመልጠው ብሎ ሕመሙን ደበቀን፤ በጨርቅ አስሮ፣ ካልሲ ደርቦበት ይሮጥ ነበር። ማጣሪያው አራት ቀን ሲቀረው ከመኝታ ቤታችን ደረጃ መውረድ አቃተው። ደግፈን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። የቅልጥሙ አጥንት ተሰንጥቋልና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት እንዳይሮጥ ተነገረው።

በውድድሩ ቀን ከሜዳው ዳር ቆሞ የሁላችንን ሹራብ ይዞልን ነበር። በፊቱ ባለፍን ቁጥር «በርቱ!» ሲል ድምፁን እንሰማለን፤ ቀና ብለን ልናየው ግን አልደፈርንም። አምና በሰኔ ተመርቆ ሄዷል። የዩኒቨርሲቲውን መለያ ለብሶ የመሮጥ ዕድል ከእንግዲህ አያገኝም። ይህን ጉዳይ ስንጽፍ ያለ ፈቃዱ አይደለም፤ «ስሜን ተዉና ነገሩን ጻፉት» ያለን እሱ ራሱ ነው።

ለመሆኑ ያን አጥንት የሰነጠቀው ማን ነው? ዝናቡ ነውን? በጥቅምት ዝናብ አልነበረም። የሰነጠቀው በሐምሌና በነሐሴ ያልተሮጠው ሩጫ ነው። የሰውነት አሠራር እንዲህ ነው፤ ሰው ሩጫ ሲያቆም አስቀድመው ከሚቀንሱት ነገሮች አንዱ በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ መጠን ነው፤ ይህም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታወቃል። ፈሳሹ ሲያንስ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ያንሳል። ስለዚህ በሰኔ የቀለለን ዳገት በነሐሴ ያስለከልከናል። ወደ ልምምድ ስንመለስ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመናል። ትንፋሽና ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። አደጋው ያለው ከዚህ ላይ ነው። ትንፋሻችን «ሂድ፣ ትችላለህ» ሲለን አጥንታችን ገና አልተዘጋጀም። ሯጭ ዘወትር የሚያዳምጠው ትንፋሹን ነውና የአጥንቱን ነገር የሚያውቀው ከታመመ በኋላ ነው። እናቶቻችን «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላሉ። የኛ ጓደኛ ግን ያፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አላገኘም።

ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ የሚገባው አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የተገኘን አቅም ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ልምምድ አቅሙን ለማግኘት ካስፈለገው ያነሰ ነው። በበጋ በሳምንት ስድስት ቀን የሮጠ ሰው በክረምት ወደ ሦስት ቀን ቢያወርደው፣ ከሦስቱም በአንዱ ቀን ፈጠን ፈጠን እያለ ቢሮጥ፣ አብዛኛውን አቅሙን ለብዙ ሳምንታት ሊያቆይ ይችላል። ሁለት ሳምንት ማረፍም ነውር አይደለም፤ ከረዥም የውድድር ወራት በኋላ ለአካልም ለመንፈስም ያስፈልጋል። ችግሩ የሁለት ሳምንቱ ዕረፍት የሦስት ወር እንቅልፍ ሲሆን ነው።

ሯጭ ያልሆነ አንባቢ «ይህ ነገር እኔን አይመለከትም» ብሎ ገጹን እንዳይገልጥብን እንለምናለን። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው ሁሉ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። 75 ደቂቃ ማለት ሦስት ጊዜ 25 ደቂቃ ነው። ከእራት በኋላ ስለ ኳስ ስንከራከር በአንድ ሌሊት የምናጠፋው ጊዜ ከዚህ አያንስም።

አሁን ወደ ጥብቅናችን እንመለስ። ክረምት የሩጫ ጠላት ነው የሚለውን ክስ የሚያፈርስልን ምስክር ከሩቅ አንሻም፤ የገዛ አገራችን ታሪክ ይበቃናል። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ ነው። ቀኑን ልብ በሉልን፤ በማግስቱ እንቍጣጣሽ ነበር። እንግዲህ ከዚያ ቀን በፊት የነበሩት የዝግጅት ወራት እነማን ናቸው? ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ አይደሉምን? ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ 10,000 ሜትሩን ሐምሌ 20 ቀን፣ 5,000 ሜትሩን ሐምሌ 25 ቀን 1972 ዓ.ም. አሸነፈ። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶን ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ቀነኒሳ በቀለ በአቴና 10,000 ሜትር ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ወርቅ አገኙ። ኦሎምፒክ ብዙውን ጊዜ የሚውለው በኛ ክረምት ነውና፣ እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን በቴሌቪዥን የምናጨበጭብላቸው ሰዎች ለድላቸው የተሰናዱት እኛ «አይሮጥም» በምንልበት ወር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለኛ ነገር የሚቀርበው ግን የታምራት ቶላ ታሪክ ነው። በ2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ኦሎምፒክ የማራቶን ቡድን ሲመረጥ ታምራት ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም፤ ተጠባባቂ ነበረ። ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ የኛ ቡድን ልጆች እናውቃለን፤ ውሃ የሚያቀብልና ሹራብ የሚይዝ ማለት ነው። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ከቡድኑ ወጣና ታምራት ተጠራ። ነሐሴ 4 ቀን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገብቶ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ለማራቶን በሁለት ሳምንት መዘጋጀት አይቻልም። ስለዚህ ታምራት ሲጠራ አስቀድሞ ዝግጁ ነበረ ማለት ነው። የኛ ጓደኛ ውድድር እንዳለ እያወቀ ሳይዘጋጅ ተገኘ፤ ታምራት ግን መሮጡን ሳያውቅ ተዘጋጅቶ ተገኘ። ልዩነቱ የጉልበት ብቻ አይመስለንም።

«እነሱማ ሥራቸው ነው፤ እንጀራቸው ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞውም እውነት አለው። እኛ በሩጫ እንጀራ አንበላም፤ በመጨረሻም የምንጠየቀው ስለ ሰዓታችን ሳይሆን ስለ ነጥባችን ነው። እንግዲያው ጥያቄው ይህ ነው፤ ሽልማት በሌለበት፣ አሠልጣኝ በሌለበት፣ የሚያጨበጭብ በሌለበት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ የተኛውን ተማሪ ምን ያስነሣዋል?

ብዙዎቻችን «ፍላጎት ያስነሣዋል» ብለን እናምናለን፤ ስለዚህ ተኝተን ፍላጎት እስኪመጣልን እንጠብቃለን። ፍላጎትን በመጠበቅ የታወቁ ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ሰኞ ጀማሪው ነው። ይህ ሰው ማክሰኞ ወኔው ቢነሣሣ እንኳ እስከ ሰኞ ይታገሣል፤ ሰኞ ዝናብ ከጣለ ለሚመጣው ሰኞ ያስተላልፈዋል፤ እንዲህ እያለ የክረምቱን ሰኞዎች ሁሉ በየተራ ይሸኛቸዋል። ሁለተኛው ገዢው ነው። አዲስ ጫማ ካልተገዛ፣ ዝናብ የማያስገባ ልብስ ካልተገኘ አይሮጥም፤ ተገዝቶ ሲመጣለት ደግሞ ጭቃ እንዳይነካበት ይሳሳለታል። ሦስተኛው ተንታኙ ነው። የቀነኒሳን ሰዓት ከነሴኮንዱ፣ የጥሩነሽን የመጨረሻ ዙር ከነርምጃው ይነግራችኋል፤ ከሻይ ቤቱ ወንበር ተነሥቶ እስከ በሩ ሲደርስ ግን ያለከልካል። እኛ ሦስቱንም ሆነን አይተናል።

ባለፈው ክረምት ግን ከመካከላችን ሁለታችን በአንድ ከተማ ስለ ከረምን ሌላ ነገር ሞከርን። ፍላጎትን መጠበቅ ትተን ቀጠሮ ያዝን። ቀጠሮው ትንሽ ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጫማ አድርጎ ከከተማው ድልድይ መገናኘት። ቃል የገባነው እስከ ድልድዩ ለመድረስ ብቻ ነው። ከድልድዩ ላይ «አልሮጥም፣ ልመለስ» ያለ መመለስ ይችላል፤ ወቀሳ የለበትም። ክረምቱን በሙሉ ከድልድዩ የተመለስነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ስለ ቆረጠው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መብረቅ ይጮኽ ስለ ነበረ። መብረቅ ባለበት ሜዳ ላይ መሮጥ ጀግንነት አይደለም።

ከዚህ ሙከራ ሦስት ነገር ተማርን። አንደኛው፣ የክረምት ዝናብ እንደምናማው ቀኑን ሙሉ አይዘንብም። በአዲስ አበባና በብዙ የደጋ ከተሞች ኃይለኛው ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ነው፤ ጧቱ ጉምና ብርድ ይኑረው እንጂ ለሩጫ ክፍት ነው። ሁለተኛው፣ ፍላጎት ከመኝታ ቤት አይገኝም። እኛ ያገኘነው ከበር ውጭ፣ ያውም በአሥረኛው ደቂቃ ገደማ፣ ሰውነት ሲሞቅ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ሁለታችንም በልባችን ክረምቱንም ድልድዩንም እንራገም ነበር። ሦስተኛው፣ ያስነሣን ወኔ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። በመስከረም ስንወያይ ሁለታችንም አንድ ነገር ተናዘዝን፤ ብዙውን ቀን የመጣነው ሌላው ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል ብለን አፍረን ነው። ይሉኝታ በብዙ ነገር ይጎዳናል እየተባለ ይተቻል፤ በዚህ ነገር ግን ጠቅሞናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለጦርነት ብቻ አይደለም፤ ከብርድ ልብስ ለመውጣትም ይሠራል።

ዘንድሮ በጥቅምት ስንመለስ ሁለታችን ከቡድኑ ፈጣኖች አልነበርንም። ነገር ግን ልምምዱን ካለፈው ክረምት ቀጠልነው እንጂ እንደ አዲስ አልጀመርነውም፤ በዓመቱም ውስጥ አንድ ቀን በሕመም አልቀረንም። እኛ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለንም።

ይህን ሁሉ ስንል ግን የሁሉም ሰው ክረምት አንድ ዓይነት አለመሆኑን መርሳት አይገባንም። ከመካከላችን አንዱ የገበሬ ልጅ ነው። አገሩ ሲገባ ሐምሌ የእርሻ፣ ነሐሴ የአረም ወር ነው። ጧት ቁምጣ ለብሶ ሲሮጥ ያዩት አንድ ሽማግሌ ከመንገድ አስቁመውት፣ «ምን ሆነህ ነው ልጄ? ማን አባረረህ?» ብለው በእውነት ደንግጠው ጠይቀውታል። ይህ ያሥቃል። የማያሥቀው ቀጥሎ የነገረን ነው። ክረምት አዲሱ እህል ያልደረሰበት፣ ጎተራው የሚጎድልበት ጊዜ ነው። ሮጦ የመጣ ሰው ደግሞ ይርበዋል። «እናቴ ለታናናሾቼ የምታካፍለውን እንጀራ እያየሁ፣ ለጨዋታ ሮጬ ደግሜ ልብላ ማለት አሳፈረኝ» አለን። እኛ ይህን ስንፍና ለማለት አንደፍርም። ከንጋት እስከ ማታ ሞፈር ጨብጦ ወይም አረም ሲያርም የዋለ ወጣት ስለ ሰውነት ማጠንከሪያ ከኛ የሚማረው የለም፤ ይልቁንም እኛ ከእሱ እንማራለን። ለእንዲህ ያለው ወንድማችን የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ በሳምንት አንድና ሁለት ቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ቢሮጥ እግሩ ሩጫን አይረሳም። ከዚያ በላይ የሚጠይቀው ሰው ካለ እርሻ አያውቅም።

ሌላም ያረመን ሰው አለ። የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ለአንዲት የቡድናችን እኅት አሳየናት። አንብባ ስትጨርስ፣ «እናንተ ስለ ወኔ ጻፋችሁ፤ እኔን ግን ወኔ አልጎደለኝም። ከንጋቱ 12 ሰዓት በጉም ውስጥ ብቻዬን ድልድይ ላይ ልቆም ነው? የናንተ ጨለማና የኔ ጨለማ አንድ አይደለም» አለችን። እውነቷን ነው። እኛን ሰው ቢያየን ቢበዛ «አበደ» ይለናል። እሷን የሚከተላት፣ የሚሳደባት፣ መንገድ የሚዘጋባት አይታጣም። ቤተሰቧም ከዚህ ፈርተው አትውጪ ቢሏት አይፈረድባቸውም። እንግዲህ ለኛ የይሉኝታ ማሠሪያ የሆነው ቀጠሮ ለእኅቶቻችን የደኅንነት ጉዳይ ነው ማለት ነው። «እኅቶቻችን ለምን አይሮጡም?» እያልን ከመተቸታችን በፊት፣ አብሮ የሚሮጥ ሰውና የበራ ሜዳ አግኝተዋልን ብለን መጠየቅ ይገባናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኛ መፍትሔው ምክር ነው ብለን አናምንም፤ ምክርማ በየሻይ ቤቱ ሞልቷል። የሚከተለውን አራት ነገር ግን ለቡድናችንና ለተማሪዎች ማኅበራችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ግቢውን ለቀን ከመሄዳችን በፊት በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ መሮጥ የሚፈልግ ሁሉ ስሙንና ክረምቱን የሚያሳልፍበትን ከተማ ይጻፍበት። በአንድ ከተማ የሚከርሙት ሁለትና ሦስት እየሆኑ ቀጠሯቸውን ከዚሁ ይያዙ፤ እኅቶችም ከእኅቶች ጋር ወይም ከሚያምኑት ሰው ጋር ይጣመሩ።

ሁለተኛ፣ ቃል ኪዳኑ ትንሽ ይሁን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 25 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት አራት ቀን ብለን ምለን አንድም ቀን ካለመሮጥ፣ ሦስት ቀን ብለን ሦስቱን መጨረስ ይሻላል። ብቻውን የሚከርም ደግሞ ማታ ማታ ለጓደኛው በስልክ አንድ ቃል ይላክ፤ «ሮጥሁ» ወይም «አልሮጥሁም» ይበል። ምክንያት መጻፍ ግን ክልክል ይሁን። ምክንያት መጻፍ ከተፈቀደ ሁላችንም የአርትስ ተማሪዎች ነንና ድርሰት እንጽፋለን።

ሦስተኛ፣ በጥቅምት ስንመለስ ማጣሪያው በሦስተኛው ሳምንት መሆኑ ይቅር። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይሰጠን፤ ልምምዱም በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨመር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ለአጥንትም የሚሆን ምክር ነው። ያመመውም ሰው ሕመሙን ቢናገር ከቡድኑ የማይሰረዝ መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው፤ ጓደኛችን ቅልጥሙን በጨርቅ አስሮ የደበቀን ይህን የሚያረጋግጥለት ሰው ስላጣ ነው። እኛም ከዚያ ሰው ማጣት ውስጥ አለንበት፤ ሲያነክስ እያየን «በርታ» እንጂ «ተው» አላልነውም።

አራተኛ፣ ክረምቱን በግቢ ውስጥ ለሚያሳልፉ ተማሪዎች የሜዳው በር በሳምንት ሦስት ጧት በታወቀ ሰዓት ይከፈት፤ መብራት ይብራ፤ ዘበኛም ይኑር። ይህ ለማኅበራችን ከባድ ወጪ አይመስለንም። ለእኅቶቻችን ግን በመሮጥና ባለመሮጥ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

በመጨረሻ፣ ይህን ጉዳይ ለምን እንዲህ አክብደን እንደ ያዝነው ለሚጠይቀን አንድ ቃል እንጨምር። እኛ በዚህ ግቢ የምንቆየው ጥቂት ዓመት ነው። መለያ የሚሰጠን፣ ሰዓት የሚይዝልን፣ ከዳር ቆሞ «በርቱ» የሚለን ሰው የምናገኘው በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ከተመረቅን በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ ውድድር የሌለበት ወር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ገና በሠላሳ ዓመታቸው ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚገቡ፣ አንድ ፎቅ ሲወጡ ግድግዳ የሚደገፉ፣ «እኔ እኮ ተማሪ ሳለሁ ሯጭ ነበርሁ» የሚሉ ሰዎችን አይተን እንሥቃለን። እነሱ ከኛ የከፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ጭብጨባ ሲያልቅ መሮጥን ስላልተለማመዱ ነው። እንዲህ ያለውን ሩጫ የምንለማመድበት ጊዜ ቢኖር ክረምት ነው። ክረምትን መክሰሳችን ቀርቶ ልናመሰግነው ይገባ ነበር።

ያ ጓደኛችን አጥንቱ ድኗል። ዛሬ ከዚህ ርቆ በሚገኝ ከተማ ሥራ ይዞ ይኖራል። በሳምንት ሦስት ቀን ማታ ማታ ለአንዳችን በስልክ አንድ ቃል ይልክልናል፤ «ሮጥሁ» ይላል። ማንም ሰዓት አይዝለትም፤ ማንም አያጨበጭብለትም። መለያ ለብሶ ከሮጠባቸው ዓመታት ይልቅ ዛሬ ሯጭ የሆነ ይመስለናል።

ፈተናው ሊደርስ ነው፤ ከዚያም ሻንጣ ይታሰራል። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ በዚህ ዓመት ሻንጣችሁን ስታስሩ ጫማውን በመጨረሻ አስገቡት፤ ከላይ ይሁን።